ዘምዘም ያላመነችው ደብዳቤ

ሦስት ሐበሻ ሴቶች በሰፈሩበት አገር ሁሉ አንዷ ተጠራጣሪ ናት። ይህን በመካ ባሳለፍኩት አርባ ዓመት አይቼዋለሁ። የእኛ የሩሰይፋ ሰፈር ሰዎች ክብርት ተጠራጣሪ ዘምዘም ትባላለች፤ ግድግዳችን አንድ ነው።

የባላድ ገበያ ነጋዴ "ወላሂ!" ብሎ ከማለላት የያዘችውን ጨርቅ አስቀምጣ ትወጣለች። "እውነት ከሆነ ምን አስማለው?" ሐኪም መድኃኒት ካዘዘላት ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የፊተኛው በእርግጥ ሐኪም መሆኑን ታጣራለች። የሠርግ ጥሪ ሲደርሳት እንኳ ገልብጣ ነው የምታየው። "ፊቱን ለሁሉም ያሳያሉ፤ ለእኔ ጀርባውን አሳዩኝ!"

የመጨረሻ ልጄ ሪሐና ዶክትሬቷን እንደጨረሰች ጂዳ ካለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣላት። ሰው ሲያረጅ አእምሮው ምን እንደሚሆን በትልቅ መሣሪያ ፎቶ እያነሱ የሚያጠኑበት የሁለት ዓመት የምርምር ሥራ ነው። መኖሪያ አለው፣ መኪና አለው። እስከ ሐሙስ ካልፈረመች ለሌላ ይሰጣል።

ዘምዘም ደብዳቤውን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። "አላልኩም?"

"ኻላ፣ ይኼ እኮ ዶክትሬት ለጨረሰ ሰው የሚሰጥ ዕድል ነው" አለቻት ሪሐና፣ እንደ አክስቷ ስለምታያት።

"ጨርሰሽ ከሆነ ደግሞ ምን ልትማሪ? ያላለቀ ነገር ነው የሰጡሽ? ለመሆኑ ከፊልሽ፣ ስፖንሰር የሚሆንሽ አሠሪ ማነው?"

"ፕሮፌሰር ናት።"

"ማዳም በይኛ! ፓስፖርትሽን ማን ይይዛል?"

"እኔ ነኛ!"

"መጀመሪያ ሁሉም እንዲያ ይላል። አሮጊትስ አለች?"

"ጥናቱ ላይ መቶ ሃያ አረጋውያን አሉ።"

ዘምዘም ደረቷን ያዘች። "መቶ ሃያ! አንዲት ልጅ ብቻዋን! እኔ አንዷን አጥቤ ወገቤ ተቆርጧል!"

ሳቅን። እኔ ግን እየሳቅኩም ፈራሁ። ያኔ ሴት ልጅ ከየመንደሩ ወደዚህ በምትጎርፍበት ዘመን፣ ዘምዘምም ደሴ ላይ አንድ ደላላ "መኖሪያ አለው፣ መኪና አለው" ብሏት ነው የመጣችው። መኪናውስ ነበረ፤ በየማለዳው የምታጥበው።

"ዘምዘም አይታ እሺ ካላለች አልመርቅሽም" አልኳት ልጄን። ፊቷ ጠቆረ።

ረቡዕ ሦስታችን ጂዳ ወረድን። ፕሮፌሰሯ ረጋ ያለች ሴት ናት። የአንዲት አሮጊት አእምሮ የተነሳውን ፎቶ በኮምፒውተር አሳየችን፤ መሀሉ እንደ አሮጌ ነጠላ ሳስቷል። ዘምዘም በዐረብኛ "ጀርባውን አሳዪኝ!" ስትላት እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ሴትዮዋ ግን ሳትቆጣ በጣቷ ነካ አደረገችና አእምሮው ዞረ። ጀርባው ታየ።

ዘምዘምን በሕይወቷ ጀርባውን ያሳየቻት የመጀመሪያዋ ሰው ይህች ናት። ወደ ምስሉ ጠጋ ብላ አየችው።

"የኔ ማዳምም እንዲህ ሆና ነበር" አለች በኋላ።

ፕሮፌሰሯ እስክሪብቶ አነሳች። "መጀመሪያ ምን ረሳች?"

"የወጥ ቤቱን መንገድ። ቀጥላ የልጆቿን ስም። አንድ ቀን ደግሞ ሰባት ዓመት የቆለፈችብኝን ፓስፖርቴን ከሣጥን አውጥታ፣ ፎቶዬን እያየች 'ልጄ፣ ይህች ቆንጆ ማናት?' ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው።"

"ታዲያ ሄድሽ?"

"ወዴት?" አለች ዘምዘም፣ ጥያቄው ራሱ አጠራጥሯት። "ማን ሊያጥባት?" ሁለት ዓመት፣ አላህ ማዳሟን እስኪወስዳት ድረስ አብራት ቆየች።

ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ሆና ይህን ነግራኝ አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሪሐና ውሉን ይዛ እኛ ቤት ተቀመጠች። ዘምዘም ገለበጠችው፤ እንደ ልማዱ ባዶ ነው። እስክሪብቶውን ከልጄ እጅ ነጥቃ ባዶው ጀርባ ላይ የስልክ ቁጥሯን በትልልቁ ጻፈች።

"ኻላ! የመንግሥት ወረቀት እኮ ነው!"

"ይሁና! ያቺ ማዳምሽ ጀርባ ማየት ታውቃለች፤ ስትገለብጠው ሰው እንዳለሽ ታያለች። አሁን ፈርሚ።"

ልጄ ፈረመች፤ እኔም መረቅኋት። ይኸው ከዚያ ወዲህ ወረቀት በሰጡኝ ቁጥር ጀርባውን ሳላይ አላልፍም፤ ምናልባት የዘምዘም ቁጥር ቢኖርበት ብዬ።