የጉልጉላ ሚያን አባልነት ጉዳይ

የላሆር አንጋፋ የቴሌቪዥን ባለሙያዎች መረዳጃ ማኅበር፣ የአስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጁላይ 8 ቀን 1999
ቦታ፦ ጓልማንዲ፣ የሠርግ ዕቃ ማከራያ ሱቅ ምድር ቤት። መስኮት የለውም።
ሰዓት፦ ለዐሥር ሰዓት ተጠርቶ ዐሥር ተኩል ላይ ተጀመረ።

የተገኙ አባላት፦

፩. ሰይድ ኢክራም ናቅቪ፣ ሊቀ መንበር፤ «የሐሙስ ድግስ» የተባለው ዝግጅት የቀድሞ አስተዋዋቂ
፪. ዘሪና ባጂ፣ ድምፃዊት («ባጂ» ታላቅ እህት ማለት ነው)
፫. ፕሮፌሰር ቱፋይል፣ ምትሃተኛ (ፕሮፌሰርነታቸው የመድረክ ነው)
፬. ኡስታድ መንዙር፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ በአሻንጉሊት አፍ የሚናገሩ
፭. ጉልጉላ ሚያን፣ አሻንጉሊት

ድምፅ የማይሰጥ፦ ኢናየት፣ ጸሐፊ። በዝግጅቱ ዘመን «አጨብጭቡ» የሚለውን ሰሌዳ ያነሣ የነበረ።

ያልተገኙ፦ ከበሮ መቺው ሎዲ ሳሂብ ካራቺ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ኮሜዲያኑ ቡት ሳሂብ ሠርግ ተጠርተዋል፤ በጥሪ ካርዱ ላይ ሦስት ዓይነት ሥጋ እንዳለ ስለተገለጸ ይቅርታ ጠይቀዋል። ምክንያቱ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ በደንቡ መሠረት ከሰባቱ አባላት አምስቱ መገኘት አለባቸው፤ ተገኝተዋል። ጉልጉላ ሚያን የሚቆጠሩት፣ ማኅበሩ ሲመዘገብ ሰባት መሥራች ተጠይቆ የተገኙት ስድስት ብቻ ስለነበሩ፣ የእንጨት አውራ ጣታቸው ቀለም ተነክሮ ስለፈረሙ ነው። መዝጋቢው አልተቃወመም። ከሰባቱ በመልክ የሚያውቀው እሳቸውን ብቻ ነበር።

ሌላ ወንበር ስላልነበረ አባላት በሙሽራ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ ክንዱ አንበሳ የሆነውን ባለ ወርቅ ቀለም ወንበር ያዙ። ኡስታድ መንዙርና ጉልጉላ ሚያን አንዱን ተጋሩ። በመካከል በባልዲ በረዶ የተነከረ ማንጎ ተቀምጧል።

አጀንዳ ፩፦ ያለፈው ቃለ ጉባኤ

ከሦስት ዓመት በፊት ሰባቱም አባላት በተገኙበት የተወሰነው ተነበበ፤ «ማኅበሩ ወደ ማናቸውም መድረክ ሲጋበዝ፣ ሌላ እስኪወሰን ድረስ፣ ኡስታድ መንዙርና ጉልጉላ ሚያን ይላካሉ» ይላል። ሊቀ መንበሩ «ሌላ እስኪወሰን ድረስ» የሚለው እንዲደገም አዘዙ። ተደገመ። ጸደቀ።

አጀንዳ ፪፦ የጣቢያው ግብዣ

የቴሌቪዥን ጣቢያው ለኖቬምበር የምሥረታ በዓሉ ከ«የሐሙስ ድግስ» አንድ ትርኢት እንዲላክለት ጠይቋል። አምስት ደቂቃ ይፈቀዳል፤ ይቀረጻል። የጣቢያው ሾፌር ላይኛው ሱቅ ሻይ እየጠጣ የተመረጠውን ስም ይጠብቃል።

ከድሮው ዝግጅት አንድም ቅጂ እንዳልተረፈ፣ በካሴቶቹ ላይ የክሪኬት ጨዋታና የጥጥ ተባይ መከላከያ ትምህርት እንደተቀረጸባቸው ጸሐፊው አስታወሰ።

ኡስታድ መንዙር ከተፈቀደላቸው መሄድ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ለምን ተብለው ሲጠየቁ እንዲህ አሉ፦ «የልጅ ልጆች አሉኝ። አያታችሁ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር ስላቸው ‹በየትኛው ቻናል?› ይሉኛል። ያኔ አንድ ብቻ ነበር ስላቸው ደግሞ ጭራሽ አያምኑኝም። አንድ ጊዜ ቢያዩኝ ይበቃኛል።»

ሊቀ መንበሩ የድሮውን ዘመን በማንሣት መልስ ጀመሩ። ጉልጉላ ሚያን ያንን ቀይ ኮት ለብሰው ብቅ ሲሉ መንገዱ ሁሉ ጭር ይል እንደነበር፣ የቶንጋ ጋሪ ነጂዎች ሳይቀሩ ፈረሳቸውን አቁመው በሰው በር ይመለከቱ እንደነበር ገለጹ።

ዘሪና ባጂ፦ «የምን ቀይ? አረንጓዴ ነው።»

ሊቀ መንበሩ፦ «ባጂ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር እኮ።»

ዘሪና ባጂ፦ «አንተ ያኔ የምታየው ካሜራውን ብቻ ነው።»

ፕሮፌሰር ቱፋይል ቢጫ መሆኑን በእናታቸው መቃብር ማሉ። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ እንደነበር ለማስታወስ እጁን አወጣ፤ ሐሳቡ ከጉዳዩ ጋር እንደማይገናኝ ተነገረው። ኮቱ ራሱ ሁለት ጊዜ ስለተቀየረ ማስረጃ ሊሆን አልቻለም። ጉልጉላ ሚያን ተጠይቀው፣ «ግራጫ ነበር። እናንተም ግራጫ ነበራችሁ። አሁን ደግሞ ጸጉራችሁ» አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ለአረንጓዴ ሁለት፣ ለቀይ፣ ለቢጫና ለግራጫ አንድ አንድ ድምፅ ተሰጠ። ኡስታድ መንዙር ለአረንጓዴ ድምፅ የሰጡት ባጂን ላለማስቀየም መሆኑን ገልጸዋል። ኮቱ አረንጓዴ እንደነበር ተወሰነ።

አጀንዳ ፫፦ የኡስታድ መንዙር ከንፈር

ሊቀ መንበሩ፣ ኡስታድ መንዙር ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስተከሉ ወዲህ ከንፈራቸው እንደሚንቀሳቀስ፣ ይህም ማኅበሩን በአገር ፊት እንደሚያዋርድ አስረዱ። በኡስታድ ምትክ የሊቀ መንበሩ የእህት ልጅ ሹጃት ጉልጉላ ሚያንን ይዞ እንዲቀርብ፣ የኡስታድ ድምፅም በቴፕ ተቀድቶ በድምፅ ማጉያ እንዲለቀቅ ሐሳብ አቀረቡ። ሹጃት የቪዲዮ ካሴት አከራይ በመሆኑ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ነው። ኡስታድ ቤታቸው ተቀምጠው ይመለከታሉ፤ ክብራቸው ይጠበቃል።

ኡስታድ መንዙር፦ «ሊቀ መንበሩ እንደፈቀዱ።»

ጉልጉላ ሚያን፦ «የእህትህ ልጅ ሆዴ ውስጥ እጁን ሊከት? መጀመሪያ ይታጠብ!»

ሊቀ መንበሩ ይህ ቃል በቃል እንዲመዘገብ አዘዙ። ተመዝግቧል።

ዘሪና ባጂ ሰው ሳይታይ አይፈረድም በማለታቸው ፈተና እንዲደረግ ተስማሙ። ጸሐፊው በባትሪ መብራት ከንፈሩን እንዲመለከት ተመደበ። ጉልጉላ ሚያን በየሐሙሱ ዝግጅቱን ይከፍቱበት የነበረውን ቃል አሰሙ፦ «እንደምን አመሻችሁ ላሆሮች! በሩን ዝጉት፣ ጎረቤት ሁሉ ገብቶ አለቀ!»

ሊቀ መንበሩ ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ሲንቀሳቀስ ማየታቸውን ገለጹ። ዘሪና ባጂ እሱ ፈገግታ ነው አሉ። ፕሮፌሰር ቱፋይል የሚያዩት የኡስታድን እጅ እንደነበር፣ ምትሃተኛ ከንፈር እንደማያይ አስረዱ። ጸሐፊው ሲጠየቅ፣ በአንድ እጁ መብራት፣ በሌላው ብዕር ይዞ ስለነበር ያየው ወረቀቱን መሆኑን መለሰ። ተወቀሰ።

በዚህ መካከል መብራት ጠፋ። የባትሪው መብራትም አብሮ ደከመ። ደንቡ ስለ ጨለማ ስለማይናገር ስብሰባው ቀጠለ። ከዚህ በታች ያለው በጨለማ ስለተጻፈ አንዳንዱ መሥመር በሌላው ላይ ወጥቷል፤ በኋላ በንጹሕ ተገልብጧል።

ጉልጉላ ሚያን፦ «ኢክራም። ጨለማ ነው፣ ማንም አያየንም። እስቲ የዒዱን ነገር አንሣው።»

ሊቀ መንበሩ፦ «አጀንዳ ላይ የለም።»

ጉልጉላ ሚያን፦ «እኔ ግን አጀንዳ ከያዝኩት ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።»

ነገሩ ለማያውቁ አንባቢዎች፦ በአንድ የረመዳን ሐሙስ፣ በቀጥታ ሥርጭት፣ «ጨረቃ ታይታለች፣ ነገ ዒድ ነው» ተብሎ ታወጀ። ጨረቃ አልታየችም ነበር። ግማሹ ከተማ ጣፋጩን ሴቪያን ቀቅሎ፣ ልጆቹን አዲስ ልብስ አልብሶ ካደረ በኋላ በማግስቱ ዳግመኛ ጾመ። አንድ ልብስ ሰፊ ሥራውን ባለማድረሱ ተደብድቦ፣ በኋላ ጊዜው እንዳልደረሰ ሲታወቅ ይቅርታ ተጠየቀ። የተነበበው ካርድ የአምናው ነበር። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ግን ለጉልጉላ ሚያን ተጽፎ፣ ለስድስት ሳምንት ከሥርጭት ታገዱ። እንጨት ስለሆኑ ብዙም አይጎዱም ተብሎ ነበር።

ጉልጉላ ሚያን፦ «ጨረቃ አየሁ ያልኩት እኔ ነኝ? እኔ አንገቴ ወደ ላይ አይዞርም!»

ዘሪና ባጂ ከሳቅ ብዛት ከሙሽሪት ወንበር ተንሸራተቱ። ድምፁ ድሮ እንደሚያውቁት መሆኑን ከወለሉ ላይ ሆነው መሰከሩ። ሊቀ መንበሩ ድምፁ ከወንበራቸው ጀርባ መምጣቱን ተቃወሙ፤ ስለ ዒዱም አንድ ካርድ በእጃቸው እንደነበር ተናገሩ። ይህ «አመኑ» ሳይሆን «አስታወሱ» ተብሎ እንዲመዘገብ ጠየቁ። እንደጠየቁት ሆኗል።

መብራት ሲመጣ ኡስታድ መንዙር ሙሉ የማንጎ ፍሬ አፋቸው ውስጥ ይዘው ተገኙ። ጭማቂው እስከ ክርናቸው ወርዷል። ዘሪና ባጂ አጨበጨቡ። ጸሐፊው ከልማድ የተነሣ ደብተሩን ወደ ላይ አነሣ።

ሊቀ መንበሩ ከንፈሩ ስላልታየ ፈተናው ዋጋ የለውም አሉ። ሹጃት እንዲላክ ድምፅ ተሰጠ። ሊቀ መንበሩና ፕሮፌሰሩ ደገፉ፤ ፕሮፌሰሩ ሹጃት ፊልም በነጻ እንደሚያከራያቸው ገልጸው፣ ይህ ግን ሐሳባቸውን እንዳልለወጠው አረጋግጠዋል። ዘሪና ባጂና ጉልጉላ ሚያን ተቃወሙ። ኡስታድ መንዙር ነገሩ ራሳቸውን ስለሚመለከት ድምፅ አልሰጡም። እኩል በመሆኑ የሊቀ መንበሩ ድምፅ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ሹጃት እንዲላክ ተወሰነ።

ኡስታድ መንዙር እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

አጀንዳ ፬፦ ጉልጉላ ሚያንን ስለማሰናበት

ሊቀ መንበሩ፣ በጨለማ ተገን የአባልን ስም ማጥፋት እንደማይታለፍ ገልጸው፣ ጉልጉላ ሚያን ከማኅበሩ እንዲሰናበቱ ሐሳብ አቀረቡ። ነገሩ ከሥሩ እንዲቆረጥም «ከምሥረታው ቀን ጀምሮ አባል እንዳልነበሩ ይቆጠር» የሚል ሐረግ ጨመሩበት።

ዘሪና ባጂ፦ «ወንድሜ ኢክራም፣ ከእንጨት ጋር ትጣላለህ?»

ሊቀ መንበሩ፦ «እሱ ነው የጀመረው!»

ድምፅ ሲሰጥ ሊቀ መንበሩና ፕሮፌሰሩ ደገፉ። ዘሪና ባጂ ተቃወሙ። ኡስታድ መንዙር በቀኝ እጃቸው የጉልጉላ ሚያንን እጅ ለተቃውሞ ካነሡ በኋላ፣ ግራ እጃቸውን ለድጋፍ አወጡ። ዘሪና ባጂ «ምነው ኡስታድ!» ሲሉ፣ «በሊቀ መንበራችን ላይ የተነገረው ነውር ነው ባጂ። ስንት ዓመት መከርኩት፣ አልሰማ አለኝ» ብለው መለሱ።

ጉልጉላ ሚያን፦ «አየህ፣ በገዛ እጄ!»

በሦስት ድምፅ ለሁለት ተሰናበቱ። ኡስታድ መንዙር አጣጥፈው ሻንጣ ውስጥ አስገቧቸው፤ ኮታቸውን አስተካከሉ፤ ክዳኑን ዘጉ። ሾፌሩ ሻዩን መጨረሱን ከላይ ጮኾ አሳወቀ። ሊቀ መንበሩ የሹጃትን ስም ጽፈው ለመፈረም ብዕር ሲያነሡ ከሻንጣው ድምፅ ተሰማ።

«ኢክራም! ስንት ናችሁ?»

ሊቀ መንበሩ የተሰናበተ ሰው የመናገር መብት እንደሌለው አሳሰቡ። ጸሐፊው ግን ቆጠረ። ድምፅ ሰጪዎች አራት ናቸው። ደንቡ አምስት ይላል።

ሊቀ መንበሩ፦ «ስንጀምር አምስት ነበርን።»

ከሻንጣው፦ «እኔ ከመጀመሪያውም አልነበርኩም አልክ እኮ! ስለዚህ ስትጀምሩም አራት ናችሁ። ሹጃትን የላኩት አራት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ስብሰባ ላይ አይደሉም፣ ማንጎ እየበሉ ነው።»

ፕሮፌሰር ቱፋይል፣ ስብሰባው ከሌለ ማሰናበቱም እንደሌለ፣ ማሰናበቱ ከሌለ ደግሞ ስብሰባው እንዳለ ተረድተው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ውኃ ተሰጣቸው።

ከሻንጣው፦ «ገና ነው። መሥራቾቹ ስንት ነበሩ? ያለ እኔ ስድስት። ስድስት መሥራች ያለው ማኅበር አይመዘገብም። ማኅበር ከሌለ ሊቀ መንበር የለም። ከዚያ ከሙሽራ ወንበር ውረድ፣ ኪራይ ያስከፍሉሃል!»

ሊቀ መንበሩ አልወረዱም። የአንበሳውን ክንድ ግን አጥብቀው መያዛቸው ታይቷል። ጥቂት ዕረፍት ጠየቁ። ዕረፍት ለመውጣትም ምልዓተ ጉባኤ እንደሚያስፈልግ ጸሐፊው ከደንቡ አነበበ። ስብሰባውን ለመዝጋትም እንዲሁ። ዘሪና ባጂ፣ «እንግዲህ ወይ ሰውየውን አውጡት፣ ወይ እዚሁ ተሞሽረን እንኑር» አሉ።

ሊቀ መንበሩ ጉልጉላ ሚያን እንዲመለሱ ጠየቁ። ኡስታድ መንዙር ሻንጣውን ለመክፈት ሞከሩ፤ ከውስጥ «መጀመሪያ ዒዱ! በመብራት!» የሚል ድምፅ በመሰማቱ እጃቸውን መለሱ። ምን ላድርገው ለማለት ትከሻቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

ሊቀ መንበሩ የክራቫታቸውን ቋጠሮ ፈታ አደረጉ። በመጨረሻም ካርዱን ያነበቡት እሳቸው መሆናቸውን በድጋሚ አስታወሱ፤ በዚህኛው ጊዜ በመብራትና ጮክ ብለው።

ሻንጣው ተከፈተ። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋገጠ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሊቀ መንበሩ በራሳቸው ሐሳብ አቅራቢነት፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር ጠየቁ። በአምስት ድምፅ በሙሉ ድጋፍ አለፈ። በዚሁ መሠረት ሹጃት አይላክም፤ ጉልጉላ ሚያን ከምሥረታው ቀን ጀምሮ አባል ናቸው፤ ሊቀ መንበሩም እንዲሁ ሊቀ መንበር ናቸው። ኮቱ ቀለም የለውም።

ሌላ ስላልተወሰነም በአጀንዳ ፩ የተነበበው ያለፈው ውሳኔ እንደጸና ነው። ለሾፌሩ የተሰጠው ወረቀት «ኡስታድ መንዙርና ጉልጉላ ሚያን» ይላል። ሊቀ መንበሩ ፈርመውበታል። ኡስታድ መንዙር ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት፤ ከዚያ ለሾፌሩ ሰጡት፤ ከዚያ አንድ ጊዜ መልሰው ተቀብለው አነበቡት።

ስብሰባው ከቀኑ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተዘጋ።

አባላት ደረጃውን ሲወጡ ጉልጉላ ሚያን በኡስታድ መንዙር ትከሻ ላይ ሆነው ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረው፣ «በኖቬምበር የሚያስተዋውቀን ሰው ያስፈልገናል። አንተ ትመጣለህ። ካርዱን ግን ቀኑን አይተህ አንብብ» አሏቸው። ሊቀ መንበሩ እንደሚያስቡበት መልሰዋል፤ ከዚያም ክራቫታቸውን አጠበቁ።

ይህ ሲነገር የኡስታድ መንዙር ከንፈር ይንቀሳቀስ እንደሆነ ጸሐፊው አልተመለከተም። ይጽፍ ነበር።

ኢናየት፣ ጸሐፊ