በር ዘጊው ብሩምፊት

ስድስት እንግሊዛውያን ሸለቆ ሊያዩ አብረው ከወጡ አንዱ ያለጥርጥር በር ዘጊ ነው። ካርታ ያዡ ሊጎድል ይችላል። ጉልበቱን የሚያመውም፣ ባለፈው ዓመት አየሩ የተሻለ እንደነበር የሚያስታውሰውም ሊቀሩ ይችላሉ። በር ዘጊው ግን አይቀርም። ከሁሉም ኋላ ይሄዳል። ወደ ኋላ የሚቀረው ደክሞት አይደለም፤ በሩን መጨረሻ የሚነካው እጅ የእሱ መሆን ስላለበት ነው።

የእኛው ክቡር ሚስተር ሲሪል ብሩምፊት ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የምንጣፍ ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረክበው የዮርክሻየርን ሸለቆዎች ተረከቡ። ሐሙስ ሐሙስ አምስት ስድስት ሆነን በጠዋቱ አውቶቡስ እንወጣለን፤ እሳቸው በየመስኩ፣ በየካቡ፣ በየበሩ ከኋላችን ይከተላሉ።

«ክፍት በር የተረሳ በር ነው» ይላሉ።

ገበሬዎቻችን ከእግረኛ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም በየምሰሶው ቸንክረውታል፦ በሩን እንዳገኛችሁት ተዉት። ክቡርነታቸው ይህ ማስታወቂያ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ ካቡ ፈርሶ ካለቀ ቆይቶ፣ በሩ ብቻውን ገላጣ ሜዳ ላይ ቆሞ አገኘን። ሁላችንም በጎኑ አለፍን። እሳቸው ግን ከፍተው ገቡ፣ መልሰው ዘጉ።

«ሲሪል፣ አጥር እኮ የለም» አለቻቸው ኤኒድ። ኤኒድ የቡድናችን ምላስ ናት።

«አጥሩ የሌላ ሰው ኃላፊነት ነው።»

በአማታቸው ቀብር ዕለት ሬሳው እንደገባ የመቃብር ስፍራውን በር ዘግተው ግማሹን ለቀስተኛ ውጭ አስቀርተዋል። በሌላ ቀን ደግሞ አንድን በር መዝጋታቸውን ተጠራጥረው ሦስት ኪሎ ሜትር ተመለሱ፤ አውቶቡሱም አመለጠን። በሩ ተዘግቶ ነበር። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ የነበረውን ሰላም ሌላ ቦታ ያየሁት በተኛ ሕፃን ላይ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ በሳቅ አሳልፈነዋል። ባለፈው ሚያዝያ ግን ወደ ሀርበክ ሸለቆ ሄድን።

ከላይ ረግረጉ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ዘንቦ ነበር፤ እኛ ጋ ካፊያ ብቻ ነው የደረሰው። ወንዙ ግን ጠቁሮ፣ ድምፁም ወፍሮ ነበር። በወንዙ ዳር መስክ እናት በጎች ከነግልገሎቻቸው ተበትነው ይግጣሉ። የእግር መንገዱ መስኩን አቋርጦ በላይኛው በር ወደ ተረተሩ ይወጣል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ በሰማያዊ ሲባጎ ከካቡ ጋር ታስሯል። ብሩምፊት ቆሙ። ሌሎቹ ቀድመው ተረተሩን ወጥተዋል፤ አብሬያቸው የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ሆን ተብሎ የታሰረ ነው የሚመስለው፣ ሲሪል» አልኳቸው።

«ሰነፍ ነው ያሰረው።»

ሲባጎውን ፈቱ፣ በጣታቸው ዙሪያ በጥንቃቄ ጠቀለሉ፣ ኪሳቸው ከተቱ። በሩን ዘጉ። መቀርቀሪያውን ጣሉ፣ ሰንሰለቱን አዞሩ፣ ሁለት ጊዜ ነቀነቁት። እኔም ሌላ ቃል አልተናገርኩም። አንገቴ ረጥቦ ነበር፤ መንደሩ ውስጥ ደግሞ ሻይ ይጠብቀናል። እዚህ ላይ የእኔም ድርሻ እንዳለበት መመዝገብ አለበት።

ሻይ ቤቱ ድልድዩ አጠገብ ነው። ብሩምፊት፣ ኤኒድና እኔ በመስኮቱ ጠረጴዛ ተቀመጥን፤ የቀሩት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ኤኒድ ስኮን የሚባለውን የሻይ ዳቦ ሁለተኛውን ስትቆርስ አንዲት አጭር ሴት የውሃ ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ ገባች። የመስኩ ባለቤት ሄስተር አልደርሰን ነበረች። የግልገል ጡጦ ልትገዛ ነው የመጣችው።

«ወንዙ የድልድዩን ሦስተኛ ድንጋይ ሸፈነ፣ ሄስተር» አለቻት ባለ ሻይ ቤቷ።

«አይቼዋለሁ። ጠዋት የላይኛውን በር ከፍቼ አስሬላቸዋለሁ። ሠላሳ ሁለት እናቶች፣ አምሳ አንድ ግልገል፤ ውሃው ሲመጣ ራሳቸው ይወጣሉ። በግ ሞኝ ነው ይባላል እንጂ እግሩ ሲረጥብ የት እንደሚሄድ አያጣውም።»

ብሩምፊት ስኮናቸውን ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡ። እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ነገሩን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሴትየዋ ጡጦዋን ይዛ ልትወጣ ነው። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም፤ በዚህ ሸለቆ በዓመት አራት ሺህ እግረኛ ያልፋል፣ ጥፋቱም ለአራት ሺው ይከፋፈላል።

ተነሡ። «ሚስስ አልደርሰን፣ ያን በር ዘግቼዋለሁ።»

«አስሬው ነበር።»

«አዎ።» እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የተጠቀለለውን ሰማያዊ ሲባጎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከማርማላታው አጠገብ አኖሩት።

ሄስተር ሲባጎውን ትንሽ አየችው። «ጥሩ አድርገው ነው የጠቀለሉት» አለች። ከዚያ «ውጡ፤ ሰው ያስፈልገኛል» አለችና ቀደመችን።

በር ላይ ባለአራት ጎማ ሞተሯ የበግ ጋሪ ጎትቶ ቆሟል። ሦስት ጡረተኞች ጋሪው ውስጥ ድርቆሽ ላይ ተቀመጥን። በሌላ ቀን ቢሆን ኤኒድ የዓመት ቀልድ ታገኝበት ነበር። ያን ዕለት ከንፈሯን ነክሳ የጋሪውን ጠርዝ ብቻ ያዘች። ብሩምፊት እንደ መቁጠሪያ የሚደጋግሙት አንድ ቃል ነበር፤ «ሰንሰለቱንም አዙሬዋለሁ፣ ሰንሰለቱንም።»

ከተረተሩ ስንወርድ የመስኩ ግማሽ ውሃ ሆኖ አገኘነው። በጎቹ ሄስተር እንዳለችው የት መሄድ እንዳለባቸው አላጡትም፤ ሁሉም በሩ ላይ ተጣበው እያለቀሱ ይገፉ ነበር። በሩ ደግሞ የሚከፈተው ወደ እነሱ ነው። ሄስተር ሰንሰለቱን ፈትታ ገፋች። አንድ ስንዝር አልሄደም።

«ከወዲያ በኩል ካልተገፉ አይከፈትም» አለች። «አንድ ሰው...»

ብሩምፊት ካቡ ላይ ነበሩ። በሰባ አራት ዓመታቸው ከነካፖርታቸው ወደ ወዲያ ወረዱ፤ ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ነበር።

«ወይዛዝርት» ሲሉ ሰማናቸው፣ «እባካችሁ ትንሽ ወደ ኋላ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ትንሽ ብቻ።»

ወይዛዝርቱ አልሰሟቸውም። በትከሻቸው ገፏቸው፤ እሳቸው ወደቁ፣ ተነሡ፣ በሁለት እጃቸው የአንዷን ቀንድ ይዘው አሽከረከሯት። በሩ ክንድ ያህል ተከፈተ፤ ሄስተር እግሯን ሰነቀረች፤ እኔና ኤኒድ ገፋን። ከዚያ እናትና ልጁ ሁሉ በመካከላችን እንደ ጎርፍ አለፈ። ብሩምፊት በበሩና በካቡ መካከል ተጣብቀው በሩን ወደ ደረታቸው ያዙት። ሰውየው በሕይወታቸው በር ከፍተው ሲይዙ ያየሁት ያኔ ነው።

ሄስተር ተረተሩ ላይ ሁለት ጊዜ ቆጠረች። «ሠላሳ ሁለት። አምሳ።»

አንዲት በግ ወደ ውሃው ዞራ ትጣራ ነበር። ብሩምፊት ሊመለሱ ሲሉ ሄስተር በኮሌታቸው ያዘቻቸው።

«ይተዉት። አንዱ ቀርቷል፤ ሽማግሌ አልጨምርበትም።»

በመመለሻው አውቶቡስ ኤኒድ ሳትጠየቅ ደረቅ ካልሲዋን ሰጠቻቸው፤ ሐምራዊ ነበር፤ አደረጉት።

ሦስት ሐሙስ ቀሩ። በአራተኛው መጡ፤ በየበሩ ፊት እየቆሙ «እንዴት ነበር ያገኘነው?» እያሉ ይጠይቁን ጀመር። ሰው ሲሰበር ማየት አልወድም፤ ከዚያ የድሮው ግትርነታቸው ይሻለኝ ነበር። በሰኔ ሀርበክን ስናልፍ ግን ላይኛው በር ላይ በሰማያዊ ሲባጎ የታሰረች ሳንቃ አገኘን። የሄስተር የእጅ ጽሑፍ ነበር፦ «ሚስተር ብሩምፊት፣ ይህ ክፍት ይሁን። ሌሎቹን ይዝጉልኝ።»

ብሩምፊት ደጋግመው አነበቧት። ከዚያ አፍንጫቸውን ጠርገው መስኩን ወደገባንበት ወደ ታችኛው በር ተመለሱ፤ ዘጉት፤ ሁለት ጊዜ ነቀነቁት።

አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳንቃዋን ያሳያሉ። ሰው ሊያየው የሚመጣውን ፏፏቴ ረስተነዋል፤ የሸለቆው ትልቁ ትርኢት እሷ ሆናለች። ኤኒድ «ሐውልት እንደተሠራለት ሰው ነው የሚያደርግህ» ትላቸዋለች።

ባለፈው ሐሙስ ነፋስ ስለነበር ቀድሜያቸው በሩ ጋ ደረስኩ። ሲባጎው ተበጥሶ ሳንቃዋ ጭቃ ውስጥ በፊቷ ተደፍታለች። ከታች ሲመጡ ይታየኛል፤ ጊዜ አልነበረኝም። በእጅጌዬ ጠረግኋት። ኪሴ ውስጥ ሲባጎ ነበረኝ፤ ከሰኔ ወዲህ ሲባጎ ይዤ ነው የምወጣው። አሰርኳት፣ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩ፣ ሁለት ጊዜ ነቀነቅኋት።