ያመመን መቀመጫችን ነው

ጎንደር ውስጥ ሰው ብቻውን ሊነግድ፣ ብቻውን ሊከስር ይችላል፤ ብቻውን ሐኪም ቤት መሄድ ግን አይፈቀድለትም። በየዘመዱ መሃል አንዲት አስታማሚ አለች። ማንም አልሾማትም፣ ማንም አይሽራትም። ፌስታሏን አንጠልጥላ ከበሽተኛው ቀድማ ካርድ ክፍል ትደርሳለች፤ ሐኪሙ ፊትም የምትናገረው እሷ ናት።

የእንዳልካቸው ቤተሰብ ሊቀ አስታማሚ አክስቱ፣ ክብርት ወይዘሮ አየለች ናቸው። እሳቸው «እኛ» እንጂ «እሱ» አያውቁም። የወንድማቸው ልጅ በላቸው የሐሞት ጠጠር ሲይዘው «ጎናችንን ሲወጋን አደረ» ብለዋል። የእህታቸው ልጅ ይመኙሽ ስትወልድማ «ምጣችን ፋፍሟል!» እያሉ ቢያጣድፉ፣ ግራ የገባት ነርስ እሳቸውን አልጋ ላይ ልታወጣ ነበር ይባላል።

እንዳልካቸው ባለፈው ወር ተደብቆ ብቻውን የሄደው ለዚህ ነው። መቀመጫውን ያሳክከዋል፣ አልፎ አልፎም ይደማል። ዶክተር ሶሊያና የምትባል ወጣት ሐኪም አየችውና፣ ፊንጢጣው ዙሪያ የበቀሉት ትንንሽ ሥጋዎች ቫይረስ የሚያመጣቸው ኪንታሮቶች እንደሆኑ ነገረችው። ከዚያ በኋላ ብዙ አስረድታዋለች፤ እሱ ግን በኀፍረት ወለሉን ሲያይ አንዱንም አልሰማም። ቤቱ ገብቶ ስልኩን ጠየቀ። ስልኩ ስለ ካንሰር አወራው። ምግብ ዘጋው፣ ሕክምናውን ተወው፣ ከሚስቱ ከቃልኪዳንም ሸሸ። እሷም የምታደርገው ቢጠፋት ለአክስቱ ደወለች።

ወይዘሮ አየለች በማግስቱ በማለዳው ሚኒባስ ከጠዳ ከች አሉ።

«ምነው ልጄ፣ አክስት የለህም?»

«ደህና ነኝ እኮ፣ እትዬ።»

«ደህና የሆነ ሰው በአንድ ጎኑ ይቀመጣል? ተነሥ።»

በግድ ተጎትቶ እንደገና ዶክተር ሶሊያና ፊት ቀረበ። ዶክተሯም እሳቸው ባሉበት ትናገር እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ በእሺታ ራሱን ከመነቅነቁ አክስቱ ቀጠሉ።

«ያመመን መቀመጫችን ነው። ካንሰር ነው ወይ?»

ድምፃቸው ተራ ጠባቂውን ሁሉ የሚያዳርስ ነው። እንዳልካቸው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አይደለም እማማ። ብዙ ሰው ላይ የሚወጣ ነው። በቅባት ወይም በማቀዝቀዝ ይጠፋል፤ ሊመለስ ስለሚችል ግን ክትትል ይፈልጋል።»

«ከየት አመጣነው?»

«በአብዛኛው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው የሚተላለፈው። ግን ምንም ሳያሳይ ለዓመታት ሰውነት ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ መቼና ከማን እንደመጣ መናገር አይቻልም። ባለቤቱም ብትታይ ጥሩ ነው።»

«እኔ እነግራታለሁ።»

«እኔው ነኝ የምነግራት» አለ እንዳልካቸው፤ ከገባ የተነፈሰው ይኼኔ ነው። ተናዷል። ግን ወር ሙሉ ሊጠይቀው ፈርቶ ያደረበትን ነገር ሴትዮዋ በአንድ ትንፋሽ ጠይቀውለታል፤ ደረቱም ቀለል ብሎታል።

ሲወጡ በሩ ላይ ማን ቆማ ብትገኝ ጥሩ ነው? ጎረቤቱ ብርቄ። ብርቄ የሰማችውን አራዳ ገበያው ሁሉ ሳይመሽ ይሰማዋል።

«ውይ! ማን ታሞ ነው?»

እንዳልካቸው አክስቱን ወደ መውጫው ሊጎትት እጁን ዘረጋ። የአክስቱን አፍ ያውቀዋል።

«እኔ ነኝ እንጂ» አሉ ወይዘሮ አየለች፣ ወገባቸውን ይዘው። «መቀመጫዬን አሞኝ፣ ይሄ ልጅ አሳከመኝ። አልጋ ላይ ተኚ ብለውኛል።»

ማታ፣ አክስቱ ሳይቀድሙት ብሎ፣ ለቃልኪዳን ነገራት። «ይህን ይዘህ ነው ወር ሙሉ የሸሸኸኝ?» አለችው። ተቆጥታለችም፣ አልቅሳለችም። በነጋታው ግን አብራው ሄዳ ታየች።

እሁድ ጎረቤቱ ሁሉ ብርቱካን እየያዘ ሊጠይቅ መጣ። ወይዘሮ አየለች በእንዳልካቸው አልጋ ላይ በጎናቸው ተጋድመው፣ ሰው ስለ መቀመጫቸው የሚሰጣቸውን ምክር ሁሉ ሳይስቁ ይቀበላሉ። ጤነኛዋ ሴት ባልያዛቸው በሽታ ሲያቃስቱ እንዳልካቸው ትራሳቸውን ያስተካክልላቸዋል። ወዷቸዋል፤ ወደፊትም ያናድዱታል።

«እግዜር ይማርዎ» ትላለች ብርቄ።

እንዳልካቸው ከጠያቂዎቹ ኋላ ቆሞ፣ ከአክስቱ ቀድሞ «አሜን» ይላል።