የክቡር መርማሪ መጠባበቂያ ቁልፍ

በየሰፈሩ፣ ዝናብ ሲጥል እንኳ ማን እንዳዘዘው ሳያጣራ ጃንጥላ የማይዘረጋ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ሰፈር የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ያ ሰው እናንተው እንዳትሆኑ እፈራለሁ።

የእኛው ክቡር መርማሪ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው ጎረቤቶቻቸው ነን። እሳቸው አያውቁም፤ ቢያውቁ ማን እንዳወጣላቸው ሳይደርሱበት እህል አይቀምሱም ነበር። ሠላሳ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ መጋዘኑ ግን ከእሳቸው አልወጣም። አምፖል ሲቃጠል፣ "ማን ነካው?" ይላሉ። የአጥር በር ሲጢጥ ሲል፣ "ማን ነካው?" አንድ ጊዜ የግድግዳ ሰዓታቸው ቆሞ፣ ባለቤታቸው ባትሪው ማለቁን ቢነግሯቸው፣ "ማለቁንማ አየሁ፤ ማን ጨረሰው?" ብለው ሦስት ቀን ሲያስቡበት ከረሙ።

እኔ ከአጥሩ ማዶ ብቻዬን ነው የምኖረው። አይናፋር ነኝ፤ ሰው ትክ ብሎ ካየኝ ያላጠፋሁትን ጥፋት መፈለግ እጀምራለሁ። ለክቡር መርማሪ ከእኔ የተሻለ ተጠርጣሪ አልተፈጠረም።

"ዛሬ በጠዋት ወጣህ" ይሉኛል።

"አዎ ጋሼ።"

"ትናንት ግን አርፍደህ ነበር።"

ይሄኔ ምክንያት መደርደር እጀምራለሁ፤ ምክንያቱ በበዛ ቁጥር እኔንም እያጠራጠረኝ ይሄዳል።

መኪናቸውማ ከባንክ ካዝና የከፋች ናት። መሪዋ በሰንሰለት ይታሰራል። ጎማዋና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ፤ ማታ ተንቀሳቅሳ እንደሆነ ጠዋት ለማወቅ። መስኮቷ ከአንድ ጣት በላይ ተከፍቶ አያውቅም።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ "ጎረቤት!" የሚል ድምፅ በአጥሩ በኩል መጣ። ስወጣ ባለቤታቸው እትዬ ቦርሳቸውን አቅፈው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የግራ ዓይናቸውን ሞራ የሚያስወጡበት ቀን ነው። ቀጠሮው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ሰባት ወር ጠብቀውታል። ዋናውን የመኪና ቁልፍ ደግሞ ክቡር መርማሪ በቀደም ሌባ እንዳያገኘው አስቀምጠውት፣ እሳቸውም አላገኙትም። በእጃቸው ያለው ለሦስት ዓመት ያልተነካው መጠባበቂያው ነው።

"ተመልከት" አሉና አዞሩት። ሞተሩ ተነሣ፣ ሁለቴ አስነጠሰና ጠፋ። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምስል ያላት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ማን ነካው?"

"ባትሪ ይሆን?" አልኩ፣ ስለ መኪና ምንም ሳላውቅ።

"ባትሪ መሆኑን በምን አወቅህ?"

ኪሴን ዳበስኩ። እውነቴን ነው፤ ምናልባት ባትሪው እኔ ኪስ ውስጥ ካለ ብዬ።

"አንተ ሰውዬ፣ ታክሲ ጥራና እንሂድ" አሉ እትዬ።

"የማናውቀው ሰው መኪና ውስጥ? አንቺ በአንድ ዓይን፣ እሱ በሁለት ዓይን?"

"እኔ በአንዱም ካንተ የተሻለ አያለሁ!"

ሮጬ ከመንገዱ ጫፍ ካለው ጋራዥ መካኒኩን ይዤ መጣሁ። መካኒኩ መብራቱን አበራ፣ ጡሩምባውን ነፋ፣ ነዳጁን አየ። ሁሉም ደህና ነው። መጨረሻ ላይ ቁልፉን ወስዶ አገላበጠው።

"ዋናው ቁልፍ የት ነው ጋሼ?"

"ጥሩ ቦታ ነው ያለው።"

"የት?"

"እሱን ነው የማላውቀው።"

መካኒኩ የቁልፉን ጭንቅላት በቀጭን መፍቻ ፈልቅቆ ውስጡን አሳየን። ባዶ ነው።

"እዚህ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቺፕ መኖር ነበረባት። መኪናዋ እሷን ካላገኘች ሌባ ነው የገባው ብላ ሞተሩን ታጠፋዋለች። አንድ ሰው በምላጭ ከፍቶ፣ ቺፗን አውጥቶ፣ በሙጫ መልሶ ገጥሞታል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ሙያ ያለው ሰው ነው።"

"ተዘረፍኩ!" አሉ ክቡር መርማሪ። መጀመሪያ መጠባበቂያውን የቀረጸላቸውን ሰው ጠረጠሩ። ቀጥለው መካኒኩን፣ "አንተስ እንዲህ አብጠርጥረህ እንዴት አወቅህ?" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ፣ አንድ ቀን ይሄን ቁልፍ ይዘህ አይቼሃለሁ።"

"ወድቆብዎት አንሥቼ ስሰጥዎት ነው ጋሼ።"

"ስትሰጠኝማ አየሁህ። ስታነሣውስ?"

"ሦስት ሰዓት ሆነ" አሉ እትዬ፣ ለማንም ሳይሆን። ቦርሳቸውን ከፈቱት፣ መልሰው ዘጉት። "ዛሬ ካመለጠኝ እንደገና ወረፋ ልይዝ ነው።"

ክቡር መርማሪን ማየት ስላቃተኝ ዓይኔን ቁልፉ ላይ ተከልኩ። ጠርዙ ላይ የደረቀው ሙጫ ቡናማ ነው፤ እንደ አረፋ ኩፍ ኩፍ ያለ። ይህን ሙጫ አውቀዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ፖስታ በዚሁ ሙጫ አሽገው፣ "አስቀምጥልኝ። እንዳትከፍተው። ምን እንደሆነም እንዳትጠይቀኝ" ብለው ሰጥተውኛል። ኑዛዜ መስሎኝ መሳቢያዬ ውስጥ ካልሲ ሥር አኖርኩት። በመጀመሪያው ዓመት በየወሩ እየመጡ ማሸጊያውን ያዩ ነበር። በኋላ ተዉት። ለካ ረስተውታል።

ሮጬ አመጣሁት።

"ቆይ! ማሸጊያውን ልየው" ብለው ፖስታውን ወደ ፀሐይ አነሡት።

"አንተ ሰውዬ! ዓይኔ!"

ቀደዱት። ጥጥ ውስጥ የተጠቀለለችው ቺፕ ወጣች። ክቡር መርማሪ ቺፗን አዩ፣ ሙጫውን አዩ፣ የገዛ እጃቸውን አዩ። በሕይወታቸው አንድም ቀን ጠርጥረውት የማያውቁት ሰው ተገኘ። መካኒኩ እየሳቀ ቺፗን ቁልፉ ጭንቅላት ላይ በፕላስተር አጣበቃትና አዞረው። ሞተሩ ተነሣ፤ አልጠፋም።

ከፖስታው አንዲት ወረቀት ወድቃ ነበር። ላነሣት ጎንበስ ስል ዓይኔ ገባባት። በመጋዘን ኃላፊ የእጅ ጽሕፈት፣ "ቁልፉ ቢሰረቅም መኪናዋ እንዳትነሣ፣ ቺፑ ማን ዘንድ ይቀመጥ?" ይላል። ወንድሜ፦ ወሬ ይወዳል። መካኒኩ፦ ዕቃውን ያውቀዋል። ባለቤቴ፦ ስታጸዳ ትጥለዋለች። ልጄ፦ ትስቅብኛለች። ሁሉም ተሰርዘዋል። መጨረሻ ላይ፣ "የአጥር ጎረቤቴ፦" ይልና ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ቀለሙ ብቻ ፈስሶ ትልቅ ነጥብ ሆኗል። እስክሪብቶው እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ቆሞ ነበር።

መኪናዋ ልትሄድ ስትል ክቡር መርማሪ አንድ ጣት በተከፈተው መስኮት በኩል ጠሩኝ።

"ከፍተኸው ታውቃለህ?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ?"

"እንዳትከፍተው ብለውኝ ነው።"

"ይሄ ራሱ ያጠራጥራል" አሉና ነዱ። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ደርሰዋል።

ፋሻው ሲነሣላቸው እትዬ በግራ ዓይናቸው መጀመሪያ ካዩዋቸው ነገሮች አንዱ፣ ከግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ ብቅ ያለው የዋናው ቁልፍ ቀለበት ነበር። በማግስቱ ክቡር መርማሪ አዲስ ፖስታ ይዘው ደጄ ቆሙ። በቡናማ ሙጫ ታሽጓል፤ መሃሉ ላይ የቁልፍ ቅርጽ አብጧል።

"አስቀምጥልኝ። እንዳትከፍተው።"

"እሺ ጋሼ።"

መሳቢያው ውስጥ ካልሲ ሥር ነው ያለው። በየጠዋቱ ከመውጣቴ በፊት አየዋለሁ። ትናንት የማሸጊያው ጥግ ትንሽ የተነሣ መሰለኝ። ብቻዬን በምኖርበት ቤት መሃል ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ "ማን ነካው?" አልኩ።