ለደንበኛ የዞረው ስክሪን

ፎቶ ቤት የሚመጣ ሰው ራሱን መምሰል አይፈልግም። ይህን የምለው በደብረ ብርሃን ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ የሰው ፊት ሳስተካክል ዓመታት ስለኖርኩ ነው። ሁሉም የሚፈልገው፣ እመስለዋለሁ ብሎ የሚያስበውን ሌላ ሰው ነው። ታዲያ እኔ ማን ነኝና ልከልክለው?

እናም አንድ ርካሽ ግራፊክስ ካርድ ገዛሁ። ርካሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ በአንድ ኮምፒውተር ሁለት ስክሪን ያሠራል፣ ምስል ማሳመሪያም አለው። አንዱን ስክሪን ወደ እኔ፣ ሌላውን ወደ ደንበኛው አዞርኩ። ማሳመሪያውን የከፈትኩት ግን በደንበኛው በኩል ብቻ ነው። ብርሃኑ ይጨምራል፣ ቀለሙ ይደምቃል፣ ደንበኛው "በቃ ይታተም" ይላል። ችግሩ፣ ካርዱ የሚያሳምረው ስክሪኑን እንጂ ፎቶውን አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ታትሞ ሲወጣ ያው የድሮው ነው፤ እኔም "ወረቀቱ ነው" እላለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ቤት ግን እውነት የምትወጣው በፕሪንተር ነበር።

አንድ ቀን አባባ ደጀኔ የሚባሉ የመዘዞ ገበሬ ከልጃቸው ከአልማዝ ጋር መጡ። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ለሙት ዓመቱ ፎቷቸው በትልቁ ይፈለጋል። ሴትዮዋ በሕይወታቸው የተነሡት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም መታወቂያቸው ላይ ያለው። ስካን አድርጌ በእነሱ በኩል በዞረው ስክሪን ላይ አወጣሁት።

አልማዝ "እማዬ ልጅ ሆነች" ብላ አለቀሰች። አባትየው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ ቆንጆ ሴት ናት። የማን ሚስት ናት?" አሉኝ።

ለካ በሟቿ ግንባር ላይ የነበረውን የመስቀል ንቅሳት ያ ብርሃን ውጦታል። "መስቀሉን የነቀሰቻት እናቴ ናት፣ ለእኔ የታጨች ጊዜ። እሱ ከሌለ እሷ አይደለችም" አሉ። እኔም ስለ ምስል ጥራት ብዙ አስረዳኋቸው፤ ውሸታም ሲጨንቀው ማስረዳት ያበዛል። ልጅቱም እንዲህ ይሻላል ብላ ለመነቻቸው። "እንግዲህ እናንተ ካላችሁ" ብለው ተቀመጡ። ሚስታቸውን ሁለተኛ ያስቀበርኳቸው መሰለኝና አፈርኩ። ግን አተምኩ።

ፎቶው ወጣ። ደብዘዝ ያለ ፊት፣ የተሸበሸበ ጉንጭ፣ ግንባሩ ላይ ያ ሰማያዊ መስቀል። "ወረቀቱ ነው" ልል አፌን ሳልከፍት አባባ ደጀኔ ከእጄ ወሰዱት። በአውራ ጣታቸው ግንባሩን ዳሰሱ። "መጣች" አሉ።

ከዚያ ቆመው መረቁኝ። "የሽማግሌ ቃል ሰምተህ መልሰህልኛልና፣ እግዚአብሔር አንተም ያጣኸውን ይመልስልህ" አሉኝ። ልናዘዝ ፈልጌ ነበር። ግን ምርቃት መሃል ገብቶ "ተሳስተዋል" የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? "አሜን" አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ከመዘዞ የሚመጣ ሁሉ የሟቹን መታወቂያ ይዞ፣ "ያችን ሰው የምትመልስ ማሽን ክፈትልን" ይለኛል። እኔም እሺ እልና፣ ጎንበስ ብዬ ማሳመሪያውን እዘጋዋለሁ።