የኢንጂነር ተስፋይ ልክ

ተሳስቶ የማያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በነጻነቱ ማግስት አስመራ ውስጥ ገጥሞኛል። ኢንጂነር ተስፋይ ይባላል፤ ከጣሊያን ኮምፒውተር ይዞ የተመለሰ ነው። ለተብርሃን የምትባለው እህቴ ሓዝሓዝ ሰፈር ለምትከፍተው ሻሂ ቤት የዳቦ ሳጥን ሊሠራላት፣ ላሜራው ከመታጠፉ በፊት ተዘርግቶ የሚቆረጥበትን ልክ በኮምፒውተሩ አወጣ። ላሜራ ሲታጠፍ ማዕዘኑ ላይ እንደሚሳብ ግን ለኮምፒውተሩ አልነገረውም። ሳጥኑ በግድግዳዎቹ መሃል ከሚገባበት ቦታ ጣት ያህል ረዝሞ መጣ።

«አይገባም እኮ!» አለች እህቴ።

«ሳጥኑ ልክ ነው። የተሳሳተው ግድግዳው ነው» አላት ኮስተር ብሎ።

ምን ታድርግ? ሻሂ ቤቱ በማግስቱ ይከፈታል፤ እንግዶችም ተጠርተዋል። ግድግዳው ሲፈለፈል ተበሳና ጎረቤታችን ጢማቸውን ሲላጩ ከነሳሙናቸው ብቅ አሉ።

ኢንጂነሩ በቀዳዳው አጮልቆ ቤታቸውን ቃኘ።

«አቦይ፣ ቁም ሳጥንዎ ጠማማ ነው» አላቸው።