ሰሃን ሥር የተቀመጠ ቲፕ

ገንዘብ መቀበል የሚያሳፍረው ሰው አውቃለሁ። መስጠት የሚያሳፍረው ግን ከእኔ ሌላ አላጋጠመኝም። ካላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ማኅበር እናቋቁማለን።

መቼም ምግብ ቤት ውስጥ ቲፕ መስጠት ቀላል ነው። ሂሳቡ የሚመጣበት ጥቁር ደብተር መሳይ ነገር አለ፤ ብሩን እሱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ኮቱን አንስቶ፣ አስተናጋጁ ሳይመለስ ሹልክ ማለት ነው። የሆቴል ክፍል ሲሆን ግን ወዴት ይሾለካል? የተኛችሁበት ክፍል እኮ ነው! አስተናጋጅ ትሪ ይዞ ይገባል፣ ያስቀምጣል፣ «ሌላ የሚያስፈልግ ነገር አለ?» ይላል። ከዚያ አንድ ዝምታ ይመጣል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ምን ይደረጋል? ስንት ይሰጣል? ሲገባ ነው ሲወጣ? ታጥፎ ነው ተዘርግቶ? ለስንቱ ጥቃቅን ነገር መመሪያ የሚያወጣ መንግሥት ለዚህ አንዲት ገጽ እንዴት ያጣል?

እኔ የሆቴል ሰው አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩ፤ አብነት ሰፈር ውስጥ ከባለቤቴ ከፀሐይ ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ። ቲፕ የእሷ ሥራ ነበር። እኔ ሂሳብ ስከፍል እሷ ከቦርሳዋ ታወጣለች፤ የአስተናጋጁን እጅ ይዛ፣ ስሙን ጠይቃ፣ መርቃ ትሰጣለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ጣራ አያለሁ።

ፀሐይ ባለፈው ክረምት አረፈች። አርባዋ እንደወጣ ልጃችን ዳዊት ቤቱ ቀለም ይቀባ አለ። «አባዬ፣ የቀለም ሽታ ለደረትህ አይሆንም፤ ሦስት ቀን ሆቴል እረፍ» ብሎ ልደታ ማርያም አጠገብ ካለ ሆቴል አስገባኝ። ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ! በገዛ ሰፈሬ እንግዳ ሆንኩላችሁ። ቀለሙ ሰበብ እንደሆነ አልጠፋኝም። ዳዊትና እህቱ እኔ በሌለሁበት የእናታቸውን ልብስ ከቁም ሳጥኑ ሊያወጡ ነው። እነሱ አላወቀም ብለው ሄዱ፤ እኔም ያላወቅሁ መስዬ ቀረሁ። ሐዘን የገባበት ቤተሰብ እንዲህ ተዋዶ ይዋሻል።

ምግብ ቤቱ ወርጄ አልበላም አልኩ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሼ፣ ጢሜን አሳድጌ፣ ብቻዬን ብቀመጥ ያለፈ ያገደመው ሁሉ «እግዜር ያጽናዎት» ሊለኝ ነው። በየጉርሻው መሐል «ያጽናዎት» እየተባለ እህል አይወርድም። ስለዚህ በስልክ አዘዝኩ። «ሁለት ሽሮ» አልኩ። አፌ ያለውን የሰማሁት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ሁለት ሲል የኖረ አፍ በአርባ ቀን ውስጥ አንድ ማለትን ከየት ይማራል?

ደውዬ ላርም አላርም ስል በሩ ተንኳኳ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ነጭ ሽርጥ ያደረጉ ሴት ትሪ ይዘው ገቡ። ደረታቸው ላይ «ዘነበች» የሚል ስም ተለጥፏል። ሁለት ሰሃን፣ ሁለት ውሃ፣ ሁለት ሶፍት ደረደሩ። ክፍሉን ዘወር ዘወር ብለው አዩና፣ «ባለቤትዎ እስኪመጡ ልክደነው?» አሉኝ።

ምን ልበል? «ሞታለች» የሚለውን ቃል እስከዚያ ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ሌሎች ናቸው የሚሉልኝ። «አዎ፣ ይከደን» አልኩ። ወይዘሮ ዘነበች የፀሐይን ሽሮ በጥንቃቄ ከደኑት። ከዚያ ያ ዝምታ መጣ። እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ ብር አገኘሁ፣ እጄ ግን አልወጣም አለኝ። እህቴ የሚሆኑ ወይዘሮ፣ እንዴት አድርጌ ነው ብር የማስጨብጣቸው? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። እንዲሰጥልኝ እግዜርን ወክዬ ሸኘኋቸው።

እራትም ሁለት፣ ቁርስም ሁለት ሆነ። አሁን ስህተት አይደለም፤ አንድ ብል «ባለቤትዎስ?» ሊሉኝ ነው። ወይዘሮ ዘነበች አንዱን ሰሃን ከድነው ያስቀምጣሉ፤ በኋላ እንደተከደነ ይወስዱታል። አንድ ቀን እንኳ ምነው አላሉም።

ለዳዊት ደወልኩና ቲፕ እንዴት እንደሚሰጥ ጠየቅሁት። «አባዬ ደግሞ! ዝም ብለህ ስጣት» አለኝ። ዝም ማለቱንስ ችዬበት ነበር፤ የቸገረኝ መስጠቱ ነው። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ግን ብልሃት መጣልኝ። ጥሩ ብር መርጬ፣ አጥፌ፣ ከበላሁበት ሰሃን ሥር አስቀመጥኩ። ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ ማን አፈረ? ማንም! በራሴ ኮርቼ ጋደም አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ ናት። «አባባ፣ ትሪው ላይ ገንዘብ ረስተዋል፤ ወርደው ይውሰዱ» አለችኝ። ወረድኩ። ወይዘሮ ዘነበች ብሩን ይዘው ቆመዋል። ልጅቷ አዳራሹን በሞላ ጥርት ያለ ድምፅ፣ «ረስተውት ነው ወይስ ለእሳቸው ሰጥተው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሰጥቼ» ማለት ምን ያቅታል? ዞር ስል ግን የእድራችን ጸሐፊ ማኪያቶ ይዘው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ሚስቱን ቀብሮ ሁለት ወር ያልሞላው ሰው ሆቴል ገብቶ ለሴት ብር ይሰጣል የሚለው ሐሜት ገና ሳይወራ በጆሮዬ ተሰማኝ። ይሉኝታ ከኋላዬ መጥቶ ማጅራቴን ያዘኝ። «ረስቼው ነው» አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ! ወይዘሮ ዘነበች ብሩን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ቲፕ መስጠት ያቃተው ሰው ቲፕ ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያን ቀን ምንም አላዘዝኩም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር እያልኩ አሰብኩ። ምንም አትልም። ብሩን ከእጄ ወስዳ ራሷ ትወርድ ነበር።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ወይዘሮ ዘነበች ሁለቱን ሰሃን ይዘው ሲገቡ ንግግሬን አዘጋጅቼ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«ትናንት ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። «ብሩን ለእርስዎ ነበር ያስቀመጥኩት።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን መለሱት?»

«ሰሃን ሥር ያገኘሁትን አልወስድም። አንዴ ቲፕ መስሎኝ ወስጄ፣ እንግዳው ገንዘብ ጠፋኝ ብሎ ከሥራ ታግጄ ነበር። ሌባ ተብዬ ለልጆቼ ምን እንደምላቸው ጠፍቶኝ ነበር። እጅ በእጅ ካልሆነ ይቅርብኝ።»

እኔ ከአንድ የእድር ጸሐፊ ዓይን ስሸሽ ሴትዮዋን የት ጥዬአቸው እንደሄድኩ ያን ጊዜ ገባኝ። በራሴ ሳፍር ደግሞ እውነት ከአፌ ያመልጠኛል። «ሌላም ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ባለቤቴ...»

«እሱንም አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የመጀመሪያው ቀን ጥቁሩን ሳይ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ሁለት ያመጣሉ?»

«ያዘዙት ሁለት ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሞታለች» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በገዛ አፌ። «ፀሐይ ሞታለች።»

ወይዘሮ ዘነበች እግዜር ያጽናዎት አላሉኝም። የተከደነውን ሰሃን ከፈቱ። «ምግብ ሳይነካ ሲመለስ ወጥ ሠሪዋ ይከፋታል» አሉና፣ ሥራ ላይ መቀመጥ ስለማይፈቀድላቸው እንደቆሙ፣ ከፀሐይ ሽሮ ሁለት ጊዜ ጎረሱ። እኔም ከራሴ ጎረስኩ። እህሉ ወረደ።

ሊወጡ ሲሉ ብሩን አወጣሁ። ሳልሸጉጥ፣ ጣራ ሳላይ፣ እጅ በእጅ ሰጠኋቸው። ተቀበሉና «ነፍስ ይማር» አሉ። ቲፕ ተሰጥቶ ነፍስ ይማር የተባለበት ሌላ ሆቴል ይኑር አይኑር አላውቅም። ካለ ግን ጥሩ ሆቴል ነው።

ከሰዓት በኋላ ዳዊት ሊወስደኝ መጥቶ ሂሳብ ጠየቀ። ወረቀቱን ሲያነብ ፊቱ ተለዋወጠ። ሽሮ ሁለት፣ ፍርፍር ሁለት፣ ሻይ ሁለት... እንዲያ እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ወደ ጥግ ሳበኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባዬ፣ ክፍልህ ውስጥ ሰው ነበር እንዴ?» አለኝ። ቁጣም ፍርሃትም ነበረበት፤ አልፈረድኩበትም።

«ማንም አልነበረም» አልኩት። «አንድ ማለት አቅቶኝ ነው፣ ልጄ።»

አርባ ቀን ሙሉ «አይዞህ» ሲለኝ የከረመው ልጅ፣ ወረቀቱን እንደያዘ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ሰው ፊት ቆሞ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። በቀብሯ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀሰም።

እኛ ቤት ሳንደርስ ወሬው አብነት ቀድሞን ገብቷል፦ ሆቴሉ ሂሳብ ቢቆልልበት ልጁ ቆሞ አለቀሰ ተብሎ። ሶፋ ሠሪው ጎረቤቴ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ። «ምነው ጋሼ፣ እኔ ቤት አይተኙም ነበር? ምን ሆቴል ወሰደዎት! ለመሆኑ ክፍሏ ያን ያህል ውድ ነበረች?»

«በጣም ውድ ነበረች» አልኩት።

ስለ ክፍሏ መስሎት ከንፈሩን መጠጠልኝ።